«እንግሊዝ ከሰደበህ ወዶሃል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «የእንግሊዞች ስድብ መፍቻ» የሚል ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዘዋወር ከርሟል። ከሥራ ባልደረባም፣ ከእድር ግሩፕም፣ ገና እግሩ እንግሊዝ አገር ከረገጠ ዘመድም ደርሶኛል። ያስቃል፤ አጻጻፉም ጥሩ ነው፤ ጸሐፊው እንግሊዝ አገር እንደኖሩበትም ያስታውቃል።

የሚሉት ባጭሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝ የሚሰድበው የወደደውን ሰው ነው፤ መስጋት ያለብህ ዝም ካለህ ነው። የስድብ ክብደት የሚለካው በመነሻው ነው፤ ሥሩ ነውር ከሆነ ከባድ፣ ሥሩ ንጹሕ ከሆነ ቀላል። ሥራ ቦታ መሰዳደብ ባህላቸው ስለሆነ ማንም ቅር አይሰኝም፣ ማንም አይከስም። እንደኛ ሰምና ወርቅ አያውቁም፣ የመጣላቸውን ፊት ለፊት ይናገራሉ። ዘርና ትውልድ አይነኩም። በመጨረሻም ለአዲስ መጪ «ያለ ሥጋት ልትጠቀሙባቸው የምትችሏቸው» ያሏቸውን ስድቦች ከነትርጉማቸው ደርድረዋል።

ይህ የመጨረሻው ዝርዝር ባይኖር ኖሮ ስቄ ባለፍኩ። ሰው ከእንጀራው ሊያፈናቅል የሚችል ምክር ግን በሳቅ አይታለፍም። እንግሊዝ አገር ስድብን ከባድ ወይም ቀላል የሚያደርገው ማን ለማን፣ የት ቆሞ እንደተናገረው ነው፤ ይህን ያልያዘ መፍቻ ምንም አይፈታም። ወደየነጥቦቹ ልግባ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሥሩ ንጹሕ ከሆነ ቀላል ነው»

ሁለት ቃላት ጎን ለጎን እናስቀምጥ። «በርክ» ጅል፣ ቂል እንደ ማለት ነው። አያት የልጅ ልጁን ይለዋል፤ በጠራራ ፀሐይ በቴሌቪዥን ቢባል ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ቃሉ የተወለደው ግን የምሥራቅ ለንደን ሰዎች አንዱን ቃል ትተው በሱ ቤት የሚመታ ሌላ ሐረግ ከሚጠሩበት ጨዋታ ነው። ሐረጉ «በርክሊ ሀንት» ሲሆን የአንድ ቀበሮ አዳኝ ማኅበር ስም ነው። ቤት የሚመታው ደግሞ በእንግሊዝኛ ከነውርም ነውር ከሚባለው፣ የሴትን ብልት ከሚጠራው ቃል ጋር ነው። በጸሐፊው ሚዛን «በርክ» ከሁሉም የከፋው ስድብ ሊሆን ይገባ ነበር።

አሁን «ፕሌብ»ን እንይ። ከላቲን የመጣ ነው፤ በጥንታዊት ሮም ተራውን ሕዝብ ይጠሩበት ነበር። ብልት የለበት፣ ዐይነ ምድር የለበት፣ ከዚህ የነጻ ሥር አይገኝም። መስከረም 2012 ላይ የገዢው ፓርቲ የፓርላማ ተጠሪ ሚኒስትር አንድሩ ሚቸል የጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያና ቢሮ ካለበት ከዳውኒንግ ስትሪት በብስክሌት ሊወጡ ሲሉ ጠባቂ ፖሊሶቹ በትልቁ በር ሳይሆን በእግረኛው በኩል ውጡ አሏቸው። ሚኒስትሩ ተናደው ተናገሩ። በ«ኤፍ» የሚጀምረውን ቃል መጠቀማቸውን አምነዋል፤ ይቅርታም ጠይቀዋል። አላልኩም ብለው እስከ መጨረሻው የተሟገቱት «ፕሌብ»ን ነው! በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ነገሩን የዘገበውን ጋዜጣ አሳታሚ በስም ማጥፋት ቢከሱም፣ ኅዳር 2014 ላይ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ቃሉን ወይም ከሱ እጅግ የሚቀራረብ ነገር ተናግረዋል ብሎ ፈረደባቸው። ለሚዛን ያህል፣ በዚሁ ጣጣ ሳያይ አየሁ ብሎ የመሰከረ አንድ ፖሊስም ታስሯል።

ምን ሆኖ ነው ነውረኛው ቃል ታልፎ ንጹሑ ቃል ሰውዬውን የጣለው? ውድ ትምህርት ቤት የተማረ ሚኒስትር በር ላይ የቆመን ፖሊስ «እናንተ ተራዎች» ሲል ያለውን የመደብ ቁስል ስለነካ ነው። ቃሉን አንድ ጋራዥ ውስጥ ያለ መካኒክ ለባልንጀራው ቢለው ተሳስቀው ይተዉታል።

ደግሞስ ሥሩን ማን ያውቀዋል? «ፕራት» ድሮ መቀመጫ ማለት ነበር፤ «ፒሎክ» የወንድ ብልት ነው። ይህን የሚያውቅ እንግሊዝ ስንት ይሆን? ሮበርት ብራውኒንግን የሚያህል ባለቅኔ በ1841 «ትዋት» የሚለውን ቃል የመነኩሲት ቆብ መስሎት ግጥም ውስጥ ከመነኮሳት ልብስ ጋር ደርድሮት አርፏል፤ ቃሉ ግን የሴት ብልት ነው። ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ በ2009 ያኔ የተቃዋሚ መሪ የነበሩት ዴቪድ ካሜሮን በሬዲዮ ስለ ትዊተር ሲያወሩ ይህንኑ ቃል ቀልድ አድርገው ተናገሩትና ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደዱ። ከኦክስፎርድ የወጣ፣ አፉን በቋንቋው የፈታ ፖለቲከኛ ሚዛኑን ከሳተ፣ የእኛ አዲስ መጪ በመፍቻ እየተመራ የት ሊደርስ ነው?

እዚህ ላይ በሁለት ጣት ስለሚሰደበው ስድብ ያወሩትን ተረትም ላንሳ። በ1415 በአዢንኩር ጦርነት ፈረንሳዮች የተማረኩ ቀስተኞችን ጣት እንቆርጣለን ብለው ስለዛቱ፣ እንግሊዞች ጣታቸውን እያሳዩ ተሳለቁባቸው የሚለው ታሪክ ነው። ተረትነቱ ደስ ይላል። ነገር ግን ምልክቱን ከዚያ ጦርነት ጋር የሚያያይዝ የዘመኑ ማስረጃ የለም። ምልክቱ በግልጽ የሚታየው በ1901 ሮዘራም ከተማ፣ ከብረት ፋብሪካ ደጃፍ በተቀረጸ ፊልም ላይ ነው፤ አንድ ሠራተኛ መቀረጹን ጠልቶ ለካሜራው ያሳየዋል። መዳፍ ወደ ውጭ ከሆነ ድል፣ ወደ ራስ ከዞረ ስድብ ነው ያሉት ግን ልክ ነው፤ ፎቶ ስትነሱ እሱን ልብ በሉ።

«ከሰደበህ ወዶሃል»

ይህ ከጽሑፉ ሁሉ የተወደደው ዐረፍተ ነገር ነው፤ ግማሽ እውነትም አለው። የለንደን አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ከንጋቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጋራዡ ሻይ ቤት ብትገቡ፣ ጡረታ የተቃረበ አንድ እንግሊዛዊ ሹፌር ከጃማይካ የመጣውን የዕድሜ እኩያውን «እንደምን አደርክ፣ አንተ ጨፍጋጋ ጊት» (የማይረባ እንደ ማለት) ሲለው ትሰማላችሁ። ያኛው ቀና ሳይል «ካንተ ፊት ይሻላል» ይላል። ስኳሩን ያቀብለዋል። ይህ ፍቅር ነው፤ አልክድም።

የእነዚህ ሁለት ሰዎች ፍቅር ግን ስድቡ ያመጣው አይደለም። መጀመሪያ ተዋደዱ፣ ከዚያ ተሰዳደቡ። ደረጃቸው እኩል ነው፤ አንዱ ሲሰድብ ሌላው ይመልሳል፤ የሚነካካውም የማያም ቦታ ተመርጦ ነው። ጃማይካዊው ሚስቱ ሞታበት በነበረ ጊዜ ያ እንግሊዝ ለወራት «ጊት» የምትል ቃል ከአፉ አልወጣችም። ጸሐፊው ቅደም ተከተሉን ገለበጡት፤ ከወደደ ይሰድባል የሚለውን ከሰደበ ወዷል አደረጉት። ዶሮ ሁሉ ሁለት እግር አለው ማለት ሁለት እግር ያለው ሁሉ ዶሮ ነው ማለት አይደለም።

መዘዙን ዐይቻለሁ። በቅርቡ የተቀጠረ የኛ ልጅ ጽሑፉን አንብቦ ኖሮ፣ የማታ ፈረቃ የመደበውን ተቆጣጣሪ ፈገግ ብሎ «አንተ ጊት» አለው። ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ። ልጁ የፈጸመው ጥፋት ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ቃሉን በየማለዳው ይሰማዋላ! ቢሮ ተጠርቶ በማስጠንቀቂያ ወጣ። እሱ እንደ ጃማይካዊው ተሰድቦ የመለሰ አይደለም፤ አለቃውን፣ ያውም በሰው ፊት፣ ያውም በተከፋበት ሰዓት ነው የሰደበው።

ይህ የእንግሊዝ ልዩ ጠባይ መስሎ መቅረቡም ይገርመኛል። እኛስ የናፈቅነውን ጓደኛ «አንተ ሌባ! የት ጠፍተህ ነው?» እንል የለም እንዴ? ይህን ሰምቶ አማርኛ የሚማር ፈረንጅ ቀበሌ ገብቶ ሊቀ መንበሩን «አንተ ሌባ» ቢል ምን እንደሚገጥመው ጸሐፊው አይጠፋቸውም። እኛ «አንተ»ና «እርስዎ» ስላለን አጥሩ ከሩቅ ይታያል። እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ «ዩ» ብቻ ስለቀረው አጥሩን በድምፅ፣ በፊትና በቆየ ትውውቅ ነው የሚያጥረው። አጥር አልታየኝም ማለት አጥር የለም ማለት አይደለም።

የተገላቢጦሹም አለ። «ሜት» ወዳጄ ማለት ነው ይላል መፍቻው። ይልና ያበቃል። መንገድ ላይ ግን ቫኑን ያቋረጥኩበት ሰው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ስማኝ፣ ሜት» ካለኝ ወዳጅነት እየለመነኝ አይደለም፤ ቀጥሎ የሚመጣው «ዋንከር» ነው፣ ከነእጅ ምልክቱ። (ጸሐፊው ለዚህ ቃል «ሰነፍ» የሚል ፍቺ ሰጥተውታል። ራሱን በራሱ የሚያረካ ማለት ነው፤ በስድብነቱ የተናቀ፣ የማይረባ ሰው ይባልበታል። ስንፍና የትም የለበትም።)

«ሥራ ቦታ ማንም አይከስም»

ለዚህ የሼፊልዱን ጉዳይ ማንሳት ይበቃል። በሰሜን እንግሊዝ፣ በዌስት ዮርክሽር፣ የቢራ በርሜል ውታፍ በሚሠራ ፋብሪካ ሃያ አራት ዓመት ገደማ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነበር። በ2019 ከአንድ የሥራ ኃላፊ ጋር ተጋጩና ኃላፊው ዛቻ ጨምሮ «መላጣ» አለው፤ ከ«መላጣ» ቀጥሎ ያችን በ«በርክ» ውስጥ የተሸሸገችውን ነውረኛ ቃል አስከተለ። ነገሩ ሼፊልድ የሥራ ክርክር ችሎት ደረሰ።

ጸሐፊው ቢሆኑ ከሁለቱ ቃላት የትኛው ያስጠይቃል ይሉ ነበር? ከሳሹ ስለ ነውሩ ቃል አቤት አላለም፤ ችሎቱም በዚያ ፋብሪካ ነውረኛ አነጋገር የተለመደ መሆኑን ተቀብሏል። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ኃላፊውን ወሰን አለፈ ያሰኘው «መላጣ» ነው። መላጣነት ከሴት ይልቅ በወንድ ላይ የሚበዛ ስለሆነ፣ ሰውን በመላጣነቱ ማዋረድ ከፆታ ጋር የተያያዘ ትንኮሳ ነው ብሎ ችሎቱ በ2022 ወሰነ። ሦስቱም የችሎቱ አባላት ወንዶች ነበሩ፤ በውሳኔው ላይ መላጣነት በወንድ እንደሚበዛ እኛም ሦስታችን ምስክሮች ነን የሚል መንፈስ ያለው ዐረፍተ ነገር ጣል አድርገዋል። ይግባኙም በ2023 ውድቅ ሆነ።

ፋብሪካው ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚወረወረው ከባድ ቃል አላስጠየቀም፤ ልጅ እንኳ የሚናገረው ተራ ቃል አስጠየቀ። የ2010 የእኩልነት ሕግ በፆታ፣ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በአካል ጉዳት፣ በዕድሜና በመሳሰለው ተያይዞ የመጣን ውርደት ነው የሚመለከተው። ቃሉ ነውር ነው ወይ ብሎ አይጀምርም። ስለዚህ ሐበሻ ሠራተኛ «ባህላቸው ነው» ብሎ የሚውጠው ነገር መዋጥ የሌለበት ሊሆን ይችላል፤ «ባህላቸው ነው» ብሎ የሚተፋውም እንዲሁ።

«ሰምና ወርቅ አያውቁም»

ዮርክሽር ሰዎች በግልጽ ተናጋሪነታቸው ይኮራሉ፤ ለነሱ ያህል ነጥቡን ልስጥ። የቀረው አገር ግን ቅኔ ቤት ያደረ ይመስላል። ስብሰባ ላይ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» ተብሎ የሚጀመር ንግግር አክብሮት እንደሌለው ሁሉም ያውቃል። «ደፋር ውሳኔ ነው» ሲሉህ አብደሃል ማለታቸው ነው። «በጣም ደስ የሚል ሐሳብ» ከተባለ ሐሳቡ ተቀብሯል።

ፓርላማቸውን እዩ። አንዱ አባል ሌላውን በምክር ቤቱ «ውሸታም» ማለት ክልክል ነው። አፈ ጉባኤዎች በተለያየ ዘመን ካስቆሟቸው ቃላት መካከል «አይጥ»፣ «ዐሣማ»፣ «ፈሪ»፣ «ከሐዲ» ይገኙበታል፤ ያ የጋራዣችን «ጊት»ም አለበት። በሚያዝያ 2016 አንጋፋው የምክር ቤት አባል ዴኒስ ስኪነር ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩትን ዴቪድ ካሜሮንን «ዶጂ ዴቭ»፣ አጭበርባሪው ዴቭ እንደ ማለት፣ ብለው ቃሌን አላነሣም ስላሉ ከአዳራሹ ተባረሩ። ስለዚህ ሰዎቹ ዙሪያ ጥምጥም ለመዱ። ወጣቱ ዊንስተን ቸርችል በ1906 ያመጡት «የቃል አጠቃቀም ጉድለት» የሚመስል ረጅም ሐረግ እስከ ዛሬ ውሸትን ሳይጠሩ ለመጥራት ያገለግላል።

በዚያው በ2016 ጥር ላይ ደግሞ ዶናልድ ትራምፕ ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ ይከልከሉ በሚል የሕዝብ አቤቱታ ላይ ክርክር ሲደረግ፣ ቪክቶሪያ አትኪንስ የተባሉ የምክር ቤት አባል የወረዳዬ ሕዝብ ቢያገኛቸው «ዋዞክ» ይላቸው ነበር አሉ። የሰሜኖቹ ቃል ነው፤ ጅላጅል እንደ ማለት። ያስወጣቸው የለም። «ዋዞክ» ያለፈው ከ«ጊት» ስለሚቀል ይሆን? ተሰዳቢው የምክር ቤቱ አባል አልነበሩም፤ ተናጋሪዋም በሕዝባቸው አፍ ነው የተናገሩት። በዚህ ዐይነት ቃሉን ሌላ ሰው አፍ ውስጥ አድርጎ መስደብማ የቅኔ ቤት ጥበብ ነው።

«ዘርና ትውልድ አይነኩም»

በዚህ ላይ አልዘገይም። እናትን ጠርቶ መሳደብ እንደኛ እሳት እንደማያስነሳ እቀበላለሁ። ነገር ግን በየማለዳው የሚባለው «ጊት» ራሱ መውለድ ከሚል ግሥ የወጣ፣ አባቱ ያልታወቀ ልጅን የሚነካ ቃል ነው፤ «ባስተርድ» ደግሞ ጥርት ያለ ዲቃላ ነው። ትውልድ ሳይነካ ቀርቶ ሳይሆን ተሳዳቢው ረስቶት ነው። የዘሩ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል፤ ወደ ዝርዝሩ ያደርሰናል።

«ያለ ሥጋት ልትጠቀሙባቸው የምትችሏቸው»

ጸሐፊው ዝርዝራቸውን ያስደገፉት የብሮድካስት ተቆጣጣሪው ኦፍኮም ቃላትን ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ ብሎ በማስጠናቱ ላይ ነው። ጥናቱ አለ፤ «ጊት» ከቀላሎቹ መመደቡም እውነት ነው። ግን የተሠራው ለጣቢያዎች ነው፤ ልጆች በሚያዩበት ሰዓት ምን ይተላለፍ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላስ ምን ይፈቀድ ለማለት። ለአለቃ፣ ለጎረቤት፣ ለትምህርት ቤት ዘበኛ የሚሆን ፈቃድ አልሰጠም።

በ1986ቱ የሕዝብ ሰላም ሕግ አንቀጽ 5 ውስጥ «ስድብ» የሚለው ቃል ከ2014 ጀምሮ መውጣቱን መጥቀሳቸው ትክክል ነው። ማስፈራራትና ማዋረድ ግን እዚያው አሉ። በዘር ጥላቻ ሲታጀብ ደግሞ ከ1998ቱ ሕግ ወዲህ ጥፋቱ ይከብዳል።

ዝርዝሩ ውስጥ ያገኘኋቸው ሁለት ቃላት እዚህ ላይ ናቸው። አንደኛው «ቻቭ» ነው። ጸሐፊው «አለባበስ የማያውቅ» ብለው ፈትተውት «በመንግሥት ቤት የሚኖር ረባሽ» ከሚል ሐረግ የመጀመሪያ ፊደላት የተሠራ ነው ብለዋል። ፊደላቱ ኋላ የተገጠሙለት ናቸው፤ ቃሉ ልጅ ከሚል የሮማኒ (የጂፕሲዎች ቋንቋ) ቃል እንደመጣ ነው የሚታመነው። በ2004 በጣም ገንኖ የዓመቱ ቃል እስከ መባል ደርሷል። የሚሰደብበትም ቱታ የለበሰ ድሃ ነጭ ወጣት ነው። እኛ ራሳችን በብዛት የምንኖረው በእነዚያው በመንግሥት ቤቶች፣ ከነዚያው ልጆች እናትና አባት ጋር ግድግዳ ተጋርተን ነው። ጎረቤቴን በዚህ ቃል ጠርቼ ማታ በአንድ ደረጃ ስንወጣ ምን ልለው ነው?

ሁለተኛው «ፓይኪ» ነው፤ «ቆሻሻ፣ እጁ የማያርፍ ሰው» ተብሎ ተፈትቷል። ይህ ጂፕሲዎችና ትራቨለሮች (በዘላንነት የሚታወቁ ማኅበረሰቦች) የሚሰደቡበት የዘር ስድብ ነው። ጂፕሲዎች በሕግ ፊት አንድ ብሔረሰብ መሆናቸውን ፍርድ ቤት ያረጋገጠው በ1988 ነው፤ የአየርላንድ ትራቨለሮች ደግሞ በ2000። ጥቁር በሚጠራበት የዘር ስድብ የሚንገበገብ ሐበሻ ይህንን በቀልድ ሲወረውረው የሰማ ሰው ምን ይበል? ልጆቻችን አብረዋቸው የሚማሩ የትራቨለር ልጆች አሉ፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ይህ ቃል ከአንድ የኛ ልጅ አፍ ቢወጣ ወላጅ የሚጠራው ስለ ዘረኝነት ነው። እናትየው ደግሞ «ያለ ሥጋት» የሚል ጽሑፍ አንብባ ነው የምትሄደው።

ስለዚህ ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። ሌላውን ብንከራከርበት ግድ የለም፤ እነዚህን ሁለት ቃላት ግን ዛሬውኑ ከዝርዝሩ ያውጡልን፣ ማስተካከያውንም ጽሑፉ በተዘዋወረባቸው ግሩፖች ሁሉ ይላኩት። «በርክ» እና «ዋዞክ» ቢቀሩ አልቃወምም፤ ለአለቃ አትበሉ የምትል አንዲት መስመር ብቻ ጨምሩባቸው።